ተራቸውን የሚጠብቁ ስሞች

ወንድሜ ጅዳ የመጣው ሚስቱን እርጉዝ ትቶ ነው። «ና፣ ሥራ አለ» ያልኩት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልጻፈው፤ ኋላ ላይ ያቅተኛል።

ኑዝላ በሚባለው የጅዳ ሰፈር ለአምስት በምንኖርባት ክፍል ከእኔ ፍራሽ አጠገብ ተኛ። ታላቄ ነው። ግን ወደዚህ አገር ቀድሜው ስለመጣሁ ሁሉን ነገር እኔን ይጠይቃል።

አንድ ዓርብ ከጁምዓ ተመልሰን ሩዝ ስንበላ፣ አንዱ የክፍላችን ልጅ ስልኩን እያየ ሳቀ። በየመንና በዑማን በኩል ከባሕር አውሎ ነፋስ እየመጣ ነው። ስሙን በዓረብኛ ፊደል እንደምንም አነበበና «ጠጅ ነው የሚባለው» አለ።

«አስተግፊሩላህ! ነፋሱ ነው ጠጅ?»

«ወላሂ! እየው።»

«እንግዲያ ሳዑዲ አይገባም። ፍተሻ ላይ ይደፉታል።»

«ኢቃማስ መች አለው? አዳሩ ሹመይሲ ነው።»

ሹመይሲ በጅዳና በመካ መካከል ነው፤ ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ወረቀት፣ የሌለው ሰው ሲያዝ ወደ አገሩ እስኪመለስ የሚታሰርበት ቦታ። ከአምስታችን ኢቃማ ያለው አልነበረም። ስለዚህ በጣም ሳቅን።

ወንድሜ ግን ነገሩን ማወቅ ፈለገ። ስልኩን ይዞ ሲፈልግ ቆየ። ስሙን ያወጡት ህንዶች ናቸው፤ በእነሱ ቋንቋ ፍጥነት ማለት ነው አለን። በዚህ ባሕር ዙሪያ ያሉ አገሮች ስም አዋጥተው ዝርዝር ያዘጋጃሉ። ነፋሱ ገና ሳይነሳ ስሙ ተጽፎ ይጠብቀዋል። ከዚህ በፊት ሻሂን የሚባል ነበር፣ ጭልፊት ማለት ነው። መኩኑ የሚባልም ነበር፣ እሱ ደግሞ የዓሣ ስም ነው። አንዴ የተሰጠ ስም ለሌላ አይሰጥም።

«አንዴ ብቻ?» አልኩት።

«አንዴ። ከዚያ ኸላስ።»

ሩዙን ሳይጨርስ ተነስቶ የአናጢ እርሳሱን ከሥራ ሱሪው ኪስ አወጣ። ከፍራሹ በላይ ግድግዳው ላይ ሦስት የወንድ፣ ሁለት የሴት ስም ጻፈ።

«የእኔም ዝርዝር ይኸው» አለ።

«አምስት? ሚስትህን አስፈቅደሃል?»

«እነሱ ይጠብቁ። ባለቤቶቹ ይመጣሉ።»

ከዚያ መካ ሥራ አገኘ፤ ፍተሻውን በሌሊት ተደብቆ አለፈ። ሚስፈላ በሚባል ሰፈር የሚታደስ ቤት ነበር። በየቀኑ ይደውልልኝ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት፣ የአስር ሶላት እንዳለቀ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። የደወሉት ሚስፈላ ለረጅም ዘመን የኖሩ ያገራችን አዛውንት ናቸው። ወንድሜ ጣሪያ ላይ ትልቅ የኮምፔንሳቶ ጣውላ ተሸክሞ ሲሄድ ነፋስ ገፋው። ጣውላውን አልለቀቀም። አብሮት ወደቀ።

«ነፋሱ ከባድ ነበር?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ለምን ይህን እንደጠየቅኩ አላውቅም።

«አይ ልጄ። እንዲያው ትንሽ ነፋስ ነው።»

ስም የሚወጣለት ነፋስ አልነበረም።

ሐረም መስጊድ የቀብር ሶላት ተሰገደበት። የቀበሩት አዛውንቱ ናቸው። መካ ቅርብ ነው፤ ግን በመካከሉ ሹመይሲ አለ። «አብሽር፣ አይዞህ፣ አትምጣ። እናትህ ሁለታችሁንም በአንድ ሳምንት አትጣ» አሉኝ። አልሄድኩም።

ፍራሹን አዲስ የመጣ ልጅ ወሰደው። ጭንቅላቱ ግድግዳው ላይ ያሉትን ስሞች እንዳያብስ ትራሱን ወደ እግሩ በኩል እንዲያዞር ለመንኩት። ምክንያቱን ሳይጠይቀኝ አዞረው።

ልጁ ሲወለድ እናቴ ደወለች። ወንድ ነው።

«ስሙን ለልጁ እንስጠው» አለች። የወንድሜን ማለቷ ነው። «እቤት ውስጥ ልጥራው።»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩት።

«ስም የሚወጣው በሰባተኛው ቀን ነው። አንተ እሺ ካላልክ አላወጣም። ያለኸኝ አንተ ነህ።»

«ነገ ልደውል፣ እማ።»

እምቢ ማለት ከበደኝ። እሺ ማለትም ከበደኝ። ያ ስም ሲጠራ ሌላ ሰው «አቤት» ሲል ታየኝ። በማግስቱ ሌሎቹ ሥራ ፍለጋ ሲወጡ ቀረሁና ወረቀት ላይ ሞከርኩት። የክትባት ካርድ ላይ እንደሚጻፈው፣ መጀመሪያ የልጁን ስም፣ ቀጥሎ የአባቱን። አንድ ስም ሁለት ጊዜ መጣ። እንደሚንተባተብ ሰው። የመጀመሪያውን ሰረዝኩት። ሁለተኛው እዚያው አለ። የአባት ስምን እኛ አንሰጠውም፣ ማንም አይወስደውም። ወንድሜ ከልጁ ስም ኋላ ቦታው ተይዞለት ነበር።

ከግድግዳው ላይ የመጀመሪያውን የወንድ ስም አነበብኩ። የወንድሜን አስከትዬ ጮክ ብዬ ጠራሁ። ከሞተ ወዲህ በአፌ ስጠራው የመጀመሪያዬ ነው። ክፍሉ ውስጥ ማንም አልነበረም።

ለእናቴ ደውዬ ስሙን ነገርኳት። «ይህን ያወጣው እሱ ራሱ ነው» አልኳት።

ሁለቱንም ስም ልክ እንደኔ አከታትላ ጠራችና አለቀሰች።

«ትምህርት ቤት ሲገባ ሁለቱንም ነው የሚጠሯቸው፣ እማ።»

«ይሁን። እሱ ካለ ይሁን» አለች።

ከስሙ ሥር በእርሳስ አሰመርኩ። ሁለት የወንድ፣ ሁለት የሴት ቀሩ። ለእነሱ የሚመጣ የለም። አዲሱ ልጅ ከሥራ ተመልሶ መስመሩን አየ።

«አለቀ? ትራሴን ልመልስ?» አለኝ።

«ተወው» አልኩት። «አራት ይቀራሉ።»