አባቴ የሠራልኝ ስኪ

ለንደን፣ ሰቨን ሲስተርስ፣ ከባቡር ጣቢያው ወረድ ብሎ አንድ ጣውላ መሸጫ ቤት አለ። በበሩ ሳልፍ የተላገ እንጨት ሽታ ከመጣብኝ አለቀልኝ። ሌላው ሰው ደስ የሚል ሽታ ነው ይላል፤ እኔን ግን አንጀቴን ይበላኛል።

ይኸውላችሁ፣ ያኔ ገና ተማሪ ነበርኩ፤ የምንኖረው ኬንቲሽ ታውን፣ ማዘጋጃ ቤቱ በሚያከራየው ካውንስል ፍላት ውስጥ ነው። አባቴ አገር ቤት ስሙ የተጠራ አናጢ ነበር። እዚህ ሰርተፊኬት አምጣ ሲሉት ጊዜ ቢሮ ጽዳት ገባ። በእረፍት ቀኑ መስኮቱ ሥር ይቀመጥና እጆቹን ጉልበቱ ላይ ጥሎ ይውላል። አንድ ቀን እናቴ ኩሽና ጠራችኝና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አንድ ነገር ሥራልኝ በይው፣ ምንም ይሁን። እጁ ሥራ ከፈታ ይሄ ሰው አይተርፍልኝም» አለችኝ።

ወንበር ማለት ይቻል ነበር እኮ! የእኔ ነገር፣ ቴሌቪዥን ላይ ያየሁት ትዝ ብሎኝ ስኪ ሥራልኝ አልኩት። ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። በረዶ ላይ የሚንሸራተቱበት ረጅም እንጨት ነው ብዬ ፎቶ አሳየሁት። ብዙ ካየው በኋላ ካፖርቱን ለብሶ ወጣ።

ጎረቤት ከጣለው አልጋ ጠንካራ ሳንቃ ይዞ ተመለሰ። ሳሎናችን ሰጋቱራ በሰጋቱራ ሆነ፤ ብናኙ በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ ሲንሳፈፍ ይታያል። ጫፉን ለማጉበጥ መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ በፈላ ውሃ ስለዘፈዘፈው ገላ መታጠብ ቀረ። ያቺ ንጽሕና ወዳድ እናቴ አንዴም አላጉረመረመችም። መላጊያው ሽር ሽር ሲል አባቴ ያፏጫል። ለንደን ከመጣን ወዲህ ሲያፏጭ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ሲያልቅ ቼክ አደረገው። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ጠርዙን እስከ ጫፉ አየ፤ በጣቱ መታ መታ አድርጎ አዳመጠ። ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን በወንበሮች መሀል አጋድሞ ቆመባቸው። እናቴን ጨመረ፣ እኔንም ጨመረ። ሦስታችን ተቃቅፈን ብንቆም እንጨቱ ንቅንቅ አላለም።

ፎቶው ላይ ያለው ግን መሀሉ ጎበጥ ያለ ነበር። «አባዬ፣ ትንሽ መለመጥ የለበትም?» አልኩት።

ሳቀብኝ። «ሰው ሲቆምበት የሚለመጥ እንጨት የሰነፍ አናጢ ሥራ ነው።»

አልፈረድኩበትም። ዕድሜ ልኩን የሠራው አልጋና ጠረጴዛ ነው፤ እሱ ሙያ በለመደበት ቤት ጥሩ ሥራ ማለት የማይነቃነቅ ነው።

ጥር ላይ በረዶ ጣለና ሰፈራችን አጠገብ ያለው ኮረብታ ላይ ወጣን። ልጆች በትሪ፣ በካርቶን እየተንሸራተቱ ይንጫጫሉ። አባቴ በቆዳ ቀበቶ ከጫማዬ ጋር አሰረልኝና «በይ ልጄ» አለኝ። ጥቂት ሄድኩ። መሬቱ ጎድጎድ ሲል ስኪው አልታዘዝ አለ፤ አፍንጫው በረዶው ውስጥ ተሰክቶ በግንባሬ ተደፋሁ። ደገምን፣ ያው ነው። ራሱ ሞከረ፣ እሱም ወደቀ።

አንድ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ቀረቡና እንጨቱን ዳበስ ዳበስ አድርገው መሀሉን በእጃቸው ተጫኑት። ለአባቴ የማስተረጉምለት እኔ ነበርኩ። በጣም ያምራል ይላሉ አልኩት።

«ሁሉንም ንገሪኝ» አለኝ።

«ስኪ መለመጥ አለበት፣ ይሄ መደርደሪያ ቢሆን ግሩም ነበር ይላሉ።»

ሽማግሌው ክፋት አልነበራቸውም። አባቴ ጎንበስ ብሎ ቀበቶውን ከእግሬ መፍታት ጀመረ። «እኔ የማውቀው ሁሉ እዚህ ጥፋት ነው ማለት ነው» አለ፣ ቀና ሳይል።

ከዚያ ወዲያ መላጊያ አልነካም። እናቴ ስንቴ ለመነችው፤ እኔም ለምኜዋለሁ። ተስፋ የቆረጠ ሰው አይጮህም፣ እሺ እያለ ነው የሚጠፋባችሁ።

በቅርቡ እናትና አባቴን ልጠይቅ ስሄድ የኩሽናው ካቢኔት በር ተንጋዶ ተንጠልጥሏል። የላላችው አንዲት ብሎን ናት። አባቴ ግን «ለካውንስሉ ሪፖርት አድርጊልኝ» አለኝ። አደረግኩለት። ሠራተኛ ተልኮ መጣና ብሎኗን ማጥበቅ ጀመረ፤ አባቴ አጠገቡ ቆሞ ባትሪ አበራለት። ሰውየው ሲጨርስ በሩን እንዴት እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ ቀስ ብሎ አሳየው። አባቴም ከተማረ በኋላ ጎንበስ ብሎ አመሰገነው።