ጥያቄ የሆነው በሬ

ባለፈው ሳምንት ቴሌቪዥን ላይ አንድ ጡረተኛ የእንስሳት ሐኪም «ዕድሜዬን ለአርሶ አደሩ ሰጠሁ» ሲል ሰማሁ። ፀጉሩ ሸብቷል፣ ክራባቱ ግን ያው ነው፤ ያኔም በሸዋ ሮቢት ሙቀት እንኳ አላወለቀውም ነበር። የምልጠውን ማንጎ አስቀምጬ ሳቅሁ። የንቀት ሳቅ ነው፣ አልደብቅም።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ይህ ሰው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ሊሰጠን ከተማችን መጣ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ቤት ተቀምጫለሁ፤ ካላለፍኩ አባቴ የመረጡልኝን ባል ማግባቴ ነው። የጽሑፉን በደንብ ሠራሁ፣ የተግባሩ ቀረ።

በማግሥቱ ጋሼ ከበደ የሚባሉ የቀወት ገጠር ገበሬ፣ ሐኪም መጣ ሲባል ሰምተው በሬያቸውን እየጎተቱ ደረሱ። ዝናቡ ገና መጣሉ ነው፤ በሬው ገመዱን በጥሶ እርጥብ ቡቃያ ሲግጥ አድሮ ግራ ጎኑ እንደ ከበሮ ተነፍቷል። ፈታኙ ሲያየው ፊቱ በራ። ጥያቄ አገኘ። አሰለፈንና በየተራ ጎኑን እየነካን ሕመሙንና መድኃኒቱን እንድንነግረው አዘዘ።

እዚያ ቆላ ያደገ ሰው መልሱን ያውቀዋል፤ ዘይት ማጠጣትና መንዳት ነው። ከፊቴ ያሉት ይህንኑ እየተናገሩ ያልፋሉ፣ እሱ ማርክ ይሞላል፣ በሬው ያቃስታል።

«ጌታዬ፣ በሬው እየሞተብኝ እኮ ነው፤ መግዣ የለኝም፣ እባክዎ ያንን ዘይት ያስመጡልኝ» አሉ ጋሼ ከበደ።

«ይታገሱ አባት፣ ፈተና ላይ ነን።»

ያን ጊዜ ናቅሁት። እያወቀ ቆሞ ያያል። ከሰልፉ ወጥቼ ማዶ ካለው ምግብ ቤት አንድ ጠርሙስ የኑግ ዘይት ለምኜ አመጣሁ። ጋሼ ከበደ የበሬውን አፍ ቀና አድርገው ያዙልኝ፣ አንቆረቆርኩለት። ዳገቱን ስንነዳው ግሳቱ አስፋልቱ ድረስ ተሰማ፤ ጎኑም ሟሸሸ።

ፈታኙ ግን ደሙ ፈላ። «አንቺ ልጅ፣ ምልክቱን አጠፋሽብኝ! የቀሩት በምን ይፈተኑ?» አለና ስሜን ሰረዘው። ተራ ሲጠብቁ የነበሩትም ጥያቄያቸውን የሰረቅኋቸው ይመስል አኮረፉኝ። እነዚህ ናቸው እንግዲህ ከብታችንን ሊያድኑ የሚማሩት።

በዚያው ዓመት ተዳርኩ። ባሌ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሐኪም ባየሁ ቁጥር ግን አንጀቴ ያርር ነበር። ዛሬም ያርራል።

ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት። ዕድሜውን ሰጠ አሉ። ጋሼ ከበደ የለመኑት አንድ ጠርሙስ ዘይት ነበር።