ለንግሥቲቱ ልጆች የተጾመ ጾም

ጦርነቱ ንፋስ መውጫ በገባበት ክረምት ወደ ስማዳ ሸሸን፤ መኪና እስከሚገባበት በመኪና፣ ከዚያ ወዲያ የእናቴን አክስት በቃሬዛ ተሸክመን። ዘጠና ዓመት ያለፋቸው መነኩሲት ነበሩ፤ እማሆይ ነው የምንላቸው። ያረፍነው ዘመድ ቤት ነው። አንድ ቀን ልጄ «ቤታችን የምንሄደው መቼ ነው?» እያለች ስታስቸግረኝ እማሆይ ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጧት።

«እኔም በአንቺ ዕድሜ እናቴን እንዲሁ እያልሁ አደርቃት ነበር» አሏት።

የጣሊያን ጊዜ ነገር ነው። አባታቸው አርበኛ ሆነው ዱር ቢገቡ ጣሊያን ቤታቸውን አቃጠለው። እናታቸው እሳቸውንና ታናሽ ወንድማቸውን ይዘው ከጎረቤት ጋር ቆላ ወረዱ፤ ዋሻ ገቡ።

«አንድ ቀን ከቤተ ልሔም ደብር የመጡ ቄስ ወሬ ነገሩን» አሉ እማሆይ። «ንጉሡ ሚስት ልጆቻቸውን ይዘው ባሕር ማዶ፣ ብርድ አገር ተቀምጠዋል አሉ። አንዱ ሽማግሌ ‹እሱ ልጆቹን ይዞ ሄደ፤ እኛ ልጆቻችንን ይዘን ዋሻ ገባን› ብሎ አዘነ። እናቴን ግን ንግሥቲቱ አሳዘነቻት። ‹ልጅ ይዞ የሰው ደጅ ማየት እንዴት ያለ ነገር ነው› አለች። ከዚያ ወዲህ ለንጉሡ ልጆች ብላ በፍስክ ቀን እንኳ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም። ለነገሩ የምንቀምሰውም ብዙ አልነበረን።»

ብዙ ሳይቆይ ወንድማቸውን የቆላ ንዳድ ያዘው።

«ሲሞት ማልቀስ አልቻልንም፤ ከላይ አፋፉ ላይ ባንዳ ነበር። እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ነው የቀበረችው። በማግስቱ ደግሞ ጾመች። ‹የራስሽ ልጅ ሞቶ ለሰው ልጅ ትጾሚያለሽ?› ብዬ ተቆጣኋት። ‹የኔው ደርሷል፤ እነሱ ገና መንገድ ላይ ናቸው› አለችኝ።»

እማሆይ ወጉን ቀጠሉ።

«ኋላ ንጉሡ ገቡ ተባለ። ደወል ተደወለ፤ ሴቱ እልል አለ። አባቴም ጎፈሬውን አሳድጎ፣ ከስቶ፣ ከጓደኞቹ ጋር መጣ። እናቴ ገና ስታየው መሬት ወድቃ ሙሾ አወረደች። አባቴ የልጁን መሞት ያወቀው ያኔ ነው። ሴቶቹ እልልታቸውን ትተው አብረዋት አለቀሱ።»

«የንጉሡ ልጆች እንደጾመችላቸው ሰምተው ነበር?» አለች ልጄ።

«ከየት ሰምተው፣ ልጄ» አሉ እማሆይ።

ንፋስ መውጫ ላይ ጦርነቱ ጋብ ብሎ ሰው ሲመለስ እማሆይ ታመው ነበር። ለመንገድ አይሆኑም ብለን ጥቂት ጠበቅን፤ እዚያው አረፉ። የስማዳ ሰው እንደ ገዛ ዘመዱ አልቅሶ ቀበራቸው። በመሄጃችን ቀን ልጄ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ቆማ «እሳቸውን እዚህ ትተን ነው?» አለችኝ። እጇን ይዤ መንገዱን ጀመርን።