ክፍለ ሀገር የሄደው ወንድሜ

ስልስ ላይ እንቁላል በሰበርኩ ቁጥር ያ ዓርብ ይመጣብኛል። ወጣቶች ለውትድርና የሚታፈሱበት ሰሞን ነበር። ገርጂ ቤታችን፣ ቲማቲሙ በበርበሬ ሲንተከተክ እናቴ እንቁላል ሰበረችበት።

"እማዬ፣ ዛሬ ጾም አይደል?" አልኳት።

"መንገደኛ አይጾምም" አለችና ለታላቅ ወንድሜ ለታዴ አቀረበችለት። ሻንጣ አልያዘም፤ ጫማ እንኳ አላደረገም። በልቶ ሲጨርስ ጠረጴዛው ላይ ወጥቶ ኮርኒሱ ውስጥ ገባ።

"ታዴ የት ነው ካሉሽ፣ ክፍለ ሀገር ሄዷል በይ" አለችኝ።

ግራ ገባኝ። ከላይ ሲያስል ስሰማ፣ ክፍለ ሀገር የሚባለው ኮርኒሳችን ውስጥ ያለ መሰለኝ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ሳሉ የለም።

"ታዴስ?"

"ክፍለ ሀገር ሄዷል" አለች እናቴ፣ ዓይኗን በነጠላዋ እየጠረገች።

ቀና ብዬ ኮርኒሱን አየሁ። ዛሬም ስልስ ሲሸተኝ ቀና እላለሁ።