በማኅተም የመጣው ንግግር

መካነ ሰላም ልጅ ሳለሁ ክብሪት በየቤቱ አይገኝም ነበርና፣ ሲመሻሽ እናቴ ገል አስይዛ ከጎረቤታችን ከሼህ ይማም ቤት እሳት እንድጭር ትልከኝ ነበር። እኔም ቶሎ አልመለስም። ሼህ ይማም ጠዋት ጠዋት ለልጆች ቁርኣን የሚያስቀሩ፣ ከዚያ በኋላ እርሻቸው ላይ የሚውሉ ሽማግሌ ነበሩ። ሲመሽ ግን የእስላሙም የክርስቲያኑም ልጅ ምድጃቸውን ከቦ፣ የወይራው ጭስ ዓይኑን እያስለቀሰው፣ በኩራዝ ብርሃን ተረታቸውን ያዳምጥ ነበር። እኔ ከሁሉ የምወደው ሰፈራችን እንዴት እንደተመሠረተ የሚናገሩትን ነው። አንዱ የሚያማትብ፣ አንዱ የሚሰግድ ሁለት ሰዎች ከድርቅ ሸሽተው እዚህ ደጋ ላይ ይገናኛሉ፤ የተረፋቸው ለየራሳቸው አንዳንድ በሬ ብቻ ነው፤ ሁለቱን በሬ ጠምደው አንድ ቀን የአንዱን፣ አንድ ቀን የሌላውን መሬት ያርሳሉ። ያኔ ይህን ስሰማ አገር ሁሉ እንዲህ የተጀመረ ይመስለኝ ነበር።

የዘውዱ ኢዮቤልዩ የተከበረ ዓመት አራተኛ ክፍል ነበርኩ። በዓሉ የንጉሡ ነው ይባል እንጂ፣ ከአውራጃው በማኅተም የመጣው ንግግር አብዛኛው አገራችን ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት እንዴት እንደተመሠረተች የሚተርክ ነበር። ማንበብ ይሆንልኝ ስለነበር አስተማሪያችን ንግግሩን ለእኔ ሰጠኝ። እናቴ ማንበብ ስለማትችል፣ ልምምዱን የማሰማው ለሼህ ይማም ነበር።

«ማሻአላህ! ድምፅሽ እንዴት ያምራል አስካለ» አሉኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ቀጠልኩ። መጨረሻው አካባቢ፣ «በአገራችን የሚኖሩ እስላሞችም የዚህ ታላቅ ደስታ ተካፋዮች ናቸው» የሚል ነበር። ይህን ሳነብ ፍሙን የሚቆሰቁሱበትን እንጨት አስቀመጡት።

«እስኪ ድገሚልኝ።»

ደገምኩላቸው።

«የሚኖሩ ነው የሚለው?»

«አዎ አባባ። ምነው፣ ተሳሳትኩ?»

«አልተሳሳትሽም። ክርስቲያኖቹንስ የሚኖሩ ይላቸዋል?»

ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ፈለግኩ። «ሕዝባችን ነው የሚለው» አልኳቸው።

ሼህ ይማም እንጨቱን አንስተው ፍሙን ቆሰቆሱ። «ሰባት አባቶቼ እዚሁ ኮረብታው ላይ ናቸው የተቀበሩ» አሉ በመጨረሻ፣ ለእኔም ለራሳቸውም በሚመስል ድምፅ። የዚያን ዕለት ተረት አልነበረም።

በማግሥቱ አስተማሪዬን፣ «ጋሼ፣ የሚኖሩ የምትለዋን ቃል ብተዋትስ?» አልኩት።

ፊቱ ተለዋወጠ። «ማነው እንዲህ ያለሽ?»

ስማቸውን ብጠራ ተጠርተው ምን እንደሚጠየቁ ባላውቅም፣ እንደሚጠየቁ ግን ገባኝ። «እኔው ነኝ» አልኩ።

«ማኅተሙን አላየሽም? አንድ ቃል ብትጎድል የምጠየቀው እኔ ነኝ። እንዳለ ታነቢያለሽ።» ክፉ ሰው አልነበረም፤ እሱም እንደኔ ፈርቶ ነበር።

የበዓሉ ዕለት ሜዳው ላይ በጥድ ቅርንጫፍ የተሸለመ በር ቆመ። ሹማምንቱና ካህናቱ ዳሱ ውስጥ ተቀመጡ፤ የእስላም ሽማግሎች ከኋላ፣ ፀሐይ ላይ ነበሩ። ከመካከላቸው አዲስ ጥምጣም የጠመጠሙትን ሼህ ይማምን አየኋቸው። እዚያች ቃል እስክደርስ ድረስ ልዝለላት ብዬ ቆርጬ ነበር። ስደርስ ግን የአስተማሪዬ ዓይን ወረቀቱ ላይ ነበር፤ አፌ «የሚኖሩ» አለ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ሼህ ይማምም አጨበጨቡ።

ከዚያ በኋላ ደጃቸውን መርገጥ አቃተኝ። እሳት የምጭረው ራቅ ካለ ቤት ሆነ። እናቴ ምክንያቱን ብትጠይቀኝም አልነገርኳትም። በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሼህ ይማም ራሳቸው በትራቸውን ይዘው መጡ።

«ኧረ ግቡ ሼህ ይማም» አለች እናቴ።

«አልገባም፤ ለዚች ልጅ ነው የመጣሁ።»

ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም። «እንዳለ አነበብኩት አባባ» ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ። «እዘላታለሁ ብዬ ነበር።»

«አንቺማ ምን ታደርጊ፣ ልጅ ነሽ» አሉኝ። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ቃሏ ዘንድ ስትደርሺ ታወቀሽ?»

«ታወቀኝ።»

«በሜዳው ላይ ያን ሁሉ ሰው እያየሁ፣ ማንም አልታወቀው ይሆን እያልኩ ነበር የተቀመጥኩ» አሉ። «በይ ማታ ነይ፣ ልጆቹ ይጠብቁሻል።»

ሄድኩ። የትኛውን ተረት እንደነገሩን ግን አላስታውስም። እሳቸው ካረፉ ብዙ ዘመን ሆነ። እኔም አድጌ ደሴ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ስሠራ፣ በማኅተም የመጣ ብዙ ወረቀት በእጄ አለፈ፤ የማላምንበትንም እንጀራዬ ነውና ተይቤያለሁ። ጀግና ነበርኩ አልልም። ሳይታወቀኝ ያለፈ ግን ያለ አይመስለኝም።