የተማለላት ፕላኔት

ድሮኑ የሰፈራችንን መጋዘን በመታ በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ መሣሪያ የያዙ ሦስት ወጣቶች የክፍሌን በር በእርግጫ ከፍተው ገቡ። ከጎጃም መጥቼ መቀሌ ፊዚክስ አስተምር ነበር፤ መንገዱ ሲዘጋ እዚያው ቀረሁ። አከራዬን በትግርኛ ኣደይ፣ እናቴ፣ እላቸዋለሁ። በመጋዘኑ ድብደባ የእህታቸው ልጅ ቆስሎ፣ ዓይደር ሆስፒታል ሳይደርስ ሞቷል። የቀበሩት በዋዜማው ነበር።

ለድሮኑ ቦታ የጠቆምኩ መስሏቸው ፍራሼን በሳንጃ ዘነጠሉት። ዳዊቴን ሲያራግፉት፣ እንዳይታጠፉ ብዬ በመሐሉ ያስቀመጥኳቸው ፎቶዎች ወደቁ። ጥቁር መደብ፣ የተበተኑ ነጫጭ ነጥቦች፣ በአንዷ ነጥብ ዙሪያ ቀይ ክብ፣ ከጎኗ ቁጥር።

"ይሄ የማን ቤት ነው?" አለኝ አንደኛው፣ ክቡ ላይ ጣቱን ተክሎ።

"ቤት አይደለም፣ ሰማይ ነው። ከኔፕቱን ወዲያ ያለች ትንሽ ፕላኔት ትመስለናለች።"

"ትመስለናለች? እናንተ እነማን ናችሁ?"

በሰደፍ አፌን መታኝ። ጥርሴ ምላሴ ላይ ወደቀ።

ውጭ አገር ያለ ቴሌስኮፕ ያነሳቸው መሆናቸውን፣ ኢንተርኔቱ ሳይቋረጥ ከተማሪዎቼ ጋር አውርደን እያስተያየን እንደነበር ደም እየተፋሁ ነገርኩት። ሁለቱን ፎቶ አጠጋግቼ፣ "ይኸው፣ ሌላው ሁሉ ባለበት ቆሟል፤ እሷ ብቻ ትንሽ ተንቀሳቅሳለች" አልኩ።

"ስለምትንቀሳቀስ ነዋ የከበብሻት! ማኪና ናት፣ ሓፍተይ፣ የኛ ማኪና!"

ስወድቅ ጎኔን በጫማ ረገጡኝ። ከዚያ ያው ልጅ አፈሙዙን ግንባሬ ላይ ደገነ። "ጸሎተኛ ነሽ አሉ። ፕላኔት ናት ብለሽ በማርያም ማይ፣ እንተውሻለን።"

አልማልኩም። በሕይወቴ ምዬ አላውቅም። ደግሞም ፎቶዎቹ ጥቂት ነበሩ፤ ነጥቧ የካሜራው እንከን ልትሆን ትችላለች። በማላውቀው ነገር እንዴት የእመቤቴን ስም ልጥራ?

አቀባበለ።

ከበሩ ውጭ ሲሰሙ የነበሩት ኣደይ ይሄኔ ገቡ። አንዱ ገፍትሯቸው ከመቃኑ ጋር ተላትመው ግንባራቸው ተተረተረ። ደሙ ዓይናቸው ውስጥ እየገባ ጮሁ፦ "ፕላኔት ናት! ትናንት የቀበርኩት ልጅ አጥንት ይፍረድብኝ፣ ፕላኔት ናት!"

ፎቶዎቹን አንድም ቀን አይተዋቸው አያውቁም።

ሟቹ የወጣቶቹ አብሮ አደግ ነበር። ደጋኙ መሣሪያውን አወረደ፤ ፎቶዎቹን ቀደዳቸው፤ ሆዴን አንዴ ረገጠኝና ወጡ።

የኣደይን ደም በነጠላዬ ስጠርግ እጄን ያዙኝ።

"ጓለይ፣ ሓቂ ድዩ? እውነት ፕላኔት ናት?"

"ፎቶው በእርግጥ የሰማይ ነው፣ ኣደይ። ፕላኔቷን ግን... ገና አላረጋገጥንም።"

በጥፊ አጮሉኝ። የሰደፉን ያህል አመመኝ።

"በእህቴ ልጅ አጥንት አስማልሽኝ እኮ! በይ አረጋግጪያት። ውሸት ከሆነች የምኮነነው እኔ ነኝ።"

መንገዱ ሲከፈት ወንድሜ ሊወስደኝ መጣ። አልሄድኩም። ኢንተርኔቱ ተመልሷል፤ ቴሌስኮፕ ያላቸው ሰዎች ያንን የሰማይ ክፍል ደግመው እንዲያነሱልኝ እለምናለሁ። አንዳንዴ ይልካሉ፣ አንዳንዴ ደመና ነበር ይሉኛል። ኣደይ ከቅዳሴ ሲመለሱ በሬ ላይ ቆመው "እህስ?" ይላሉ።

"ገና ነው፣ ኣደይ።"

"እምበኣር፣ እንግዲያ ቁጭ በይና ፈልጊያት" ይሉኛል፤ ማንም እንዳይረብሸኝም በሩን ከውጭ ይዘጉብኛል።