የኦረስት ማሉክ የጸደይ ፈተና

የኦረስት ማሉክ እንጀራ መመታት ነበር። የምንጫወተው ኳስ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበትን የካናዳ ፉትቦል ነው፤ ሞላላዋን ኳስ ይቀበላል፣ ብብቱ ውስጥ ይወሽቃታል፣ ከዚያ ግድግዳ የሚያካክሉ ሰዎች ወደቆሙበት በጭንቅላቱ ይሄዳል። እኔ ዱዌይን ደግሞ ከፊቱ ሆኜ መንገድ የምከፍትለት ነበርኩ። ሥራዬ መግፋት ነው። ስሜን የሚያውቅ ተመልካች አልነበረም፤ የገዛ ሚስቴ እንኳ ስታዲየም ስትመጣ የምታየው እሱን ነው። ይሁና! ጉልበቴ እምቢ ሲለኝ ተውኩትና አሁን የተማሪዎች አውቶቡስ እነዳለሁ። እሱ ግን አልተወም።

ያደገው ካናዳ ውስጥ፣ ከሬጂና ከተማ ወዲያ፣ ከስንዴ በቀር ምንም በማይታይበት የአባቱ እርሻ ላይ ነው። ቡድናችን ውስጥ ሲገባ አሜሪካኖቹ ሳቁበት። በእኛ ሊግ ሕግ አለ፤ ሜዳ ከሚገቡት ውስጥ የተወሰኑት የግድ የካናዳ ልጆች መሆን አለባቸው። የካናዳ ልጅ ሲባል ግን ብዙ ጊዜ እንደ እኔ ያለው ወፍራሙ ገፊ ነው። ሩጫው የአሜሪካኖቹ ነበር።

«የሚጫወተው አንተ አይደለህም፣ ፓስፖርትህ ነው» አሉት ገና በመጀመሪያው ሳምንት።

«እንግዲያው ፓስፖርቴን ያዙታ!» አለና ኳሷን ይዞ በመሃላቸው ሄደ። አልያዙትም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሮጠ። ሕዝቡ እንደ ቡድናችን ደጋፊዎች ልማድ ሐብሐብ ፈልፍሎ እንደ ባርኔጣ እየደፋ ስሙን ጠራለት። ኅዳር ላይ ሜዳው በውርጭ እንደ ድንጋይ ሲደርቅ፣ ሌሎቹ መውደቅ ሲፈሩ፣ እሱ ይወድቃል፣ ይነሳል፣ እንደገና ይወድቃል። በረዶው ሲገባ ደሞዝ ስለሌለ የትራክተር መለዋወጫ ይሸጣል። ከጨዋታ ማግስት ጠዋት ከአልጋው መውረድ ያቅተውና ሚስቱ ታራ ናት ካልሲውን የምታጠልቅለት። «እንደ ሙሽራ ነው የምታለብሺኝ» እያለ ያስቃታል። መጀመሪያ መጀመሪያ ትስቅ ነበር።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልምጣ። በየዓመቱ በረዶው ሲቀልጥ፣ ልምምድ ሳይጀመር፣ የቡድኑ ሐኪም ዶክተር ፍሪሰን የጭንቅላት ፈተና ትሰጠናለች። ቃላት ታነባለች፣ ትደግምላታለህ። ወራቱን ከኋላ ወደፊት ትቆጥራለህ። ነጥብህ ይያዛል። በጨዋታ ላይ ጭንቅላትህን ከተመታህ ደግሞ እንደገና ትፈተናለህ፤ ነጥብህ ከጸደዩ ካነሰ አትገባም። ካልገባህ ቦታህን ሌላ ይይዘዋል፤ የያዘውን ደግሞ የሚመልስ ሰው አላየሁም። ታዲያ ምን እናደርግ ነበር? ጸደይ ላይ ሆን ብለን እንሳሳታለን! ነጥባችን ገና ከመጀመሪያው ዝቅ ካለ፣ ኋላ ብንመታም ወረደ አይባልም። ነባሮቹ ለአዲሶቹ ይህን የሚመክሩት ቁርስ ላይ ነው፣ ስለ ጫማ እንደሚመክሩ አድርገው።

ከሁላችን የተካነው ኦረስት ነበር። ዶክተር ፍሪሰን ፊት ተቀምጦ ግንባሩን ያሻል፣ ሰኔን ከሐምሌ ያደባልቃል፣ ይተክዛል። ሲወጣ «ስንት ቃል አስታወስክ?» እንለዋለን። «የምን ቃል?» ይላል። መልበሻ ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። በጨዋታ መሃል ተመትቶ ሲወጣ ተፈትኖ ያልፋል፣ ተመልሶ ይገባል፣ እንደገና ይመታል። ሐኪሟ ምን ታድርግ? ዋሽተናታል።

ባለፈው በረዶ ታራ ቤቴ መጣች። ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ ነው የነገረችኝ። የገንዳውን ውኃ ከፍቶ ይረሳል። ወተት ሊገዛ ወጥቶ ስለቀረ ብትፈልገው፣ ሱቁ በር ላይ መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ አገኘችው፤ ለምን እንደመጣ ጠፍቶበታል። ቡድኑ ደግሞ አንድ ዓመት ጨምርልን ብሎታል፣ እሱም ሊጨምር ነው። በሳምንቱ ጠርተውኝ ፒሮጊ፣ ያንን ድንች የተሞላ የሊጥ ቅቅል፣ እየበላን ሳለ አፍ አውጥታ ተናገረችው።

«ዘንድሮ ሳታስመስል፣ ከልብህ ተፈተን። ከውሸቱ ነጥብህ ከበለጥክ ተጫወት፣ ትንፍሽ አልልም። ካልበለጥክ ግን በቃህ።»

«ታራዬ፣ እያወቅኩ እኮ ነው የምስተው! ዘንድሮ ዶክተሯ ራሷ ናት የምትደነግጠው።»

«ማልልኝ።»

«እናቴ ትሙት!» አለና ከእኔ ሳህን ፒሮጊ አነሳ።

የፈተናው ቀን እኔው ነበርኩ የወሰድኩት። ቢሮዋ ጠባብ ስለሆነ በሩ ክፍት ነው፤ እኔ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ። ዶክተር ፍሪሰን ቀስ ብላ አነበበችለት፦ ባልዲ፣ ዝንጀሮ፣ ሽቶ፣ ኮርቻ፣ ደመና።

«ባልዲ» አለ ኦረስት። «ሽቶ።» ግንባሩን አላሻሸም። እጆቹ ጉልበቱን ጨምድደው ይዘዋል፣ አንገቱ ላብ በላብ ሆኗል። «ቆይ፣ አይንገሩኝ ዶክተር፣ አፌ ላይ ነው።»

ዝንጀሮ በል! አልኩ በሆዴ። ዝንጀሮ በል እንጂ፣ አንተ ሰው! አላለም። ወራቱንም ከጥቅምት ነሐሴ ላይ ዘለለ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ዘለለ። የማስመሰል ፊቱን አውቀዋለሁ። ይህ ያ አልነበረም።

ሐኪሟ የዱሮዎቹን ነጥቦች ከዛሬው አስተያየችና ፈገግ አለች። «በጣም ጥሩ! ልክ እንደ ሁልጊዜህ ነህ ኦረስት። ምንም ለውጥ የለም፣ መጫወት ትችላለህ።»

ወጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ከልቤ ነበር እኮ» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

«እንደ ሁልጊዜህ ነህ አለችኝ።»

«ሰምቻለሁ።»

አዘንኩ ብል ውሸት ነው፣ ተናደድኩ። በእሱ፣ በራሴ፣ መልበሻ ክፍል በሳቅነው ሳቅ ሁሉ ተናደድኩ። ከእኔ ሌላ ማንም አያውቅም። ቤቱ ሄዶ ታራን «በለጥኩ፣ ተፈቀደልኝ» ቢላት ሐኪሟ መፍቀዷን ትመሰክርለታለች፤ በሰኔ ሜዳ ይገባል፣ ይመታል።

«ደክሞኛል ወንድሜ» አለ። ተነሳና ተመልሶ በሩ ላይ ቆመ። «ዶክተር፣ ከዚህ በፊት ያሉት ውሸት ናቸው።»

«የትኞቹ?»

«ሁሉም። እያወቅኩ ነበር የምሳሳተው። የእውነቴን የተፈተንኩት ዛሬ ብቻ ነው።»

ፈገግታዋ ጠፋ። መነጽሯን አወለቀች። «ግባና በሩን ዝጋው» አለችው ቀስ ብላ።

ከመግባቱ በፊት ወደ እኔ ዞረ። «ታራ ጋ አንተ ደውልላት። እኔ ቤት እስክደርስ እረሳው ይሆናል።»

እንደ ዱሮው እየቀለደ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አልቀለደም። ስልኬን አወጣሁ።